ስድስት ሥዕሎች

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከጽሕፈት ቤቴ ግድግዳ፣
ይትባረክ ስድስት ሥዕል ሰቅሏል፣ ስድስት ያልተጠራ እንግዳ፤
በእርሳስ የተነደፈ፣ የኮምፒውተር አዲስ ፊት፣
«ቢሆንስ» ከሚል ቃል በቀር ሌላ የሌለው መሠረት።
እስክሪብቶ በሲባጎ አስሮ፣ ከሥሩ ባዶ ወረቀት፣
«የመሰላችሁን ጻፉ» አለ።
                    ጻፉለት።

ባለጉዳይ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ የወጣ ፈረቃ፣
ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ተማሪ፣ ጋቢ ደርቦ የመጣ ጠበቃ።

በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ቅርጫት የለም።
አቶ ሽመክት ደነገጠ፦ «የጣልነው ታዲያ ለዘላለም
ይከተለናል ማለት ነው? ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ
ያኖረኝ የቅርጫት ሆድ ነው፤ ስንቱን ከዚያ መልሼ አውጥቼ!»

በሁለተኛው መስኮቶቹ ስስ ናቸው፣ አንዱ በአንዱ ያሳያል፤
«የደብረ ብርሃንን ብርድ ረስተህ ነው» አለች ስምረት፣
                    «መስኮት ማን እንዲህ ይከፍታል?
ከጀርባው የሰው ደመወዝ፣ ከፊቱ የሰው አቤቱታ፣
ዝጋው ወንድሜ፣ ነፋስ ገባ።» ሳቅን፣ ሁላችን፣ ላንድ አፍታ።

ሦስተኛው ማስቀመጫ የለውም፤ ያቺን አራት ማዕዘን ምልክት
የፍሎፒ ሥዕል መሆኗን ተማሪው አያውቅም፤ «ምንድን ናት?»
አለኝ። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ጣቴ ወደሷ ሲገሠግስ፣
እንዴት ብዬ ላስረዳው? እሷ ናት የእንጀራዬ ዋስ።

ስለ አራተኛውና አምስተኛው የተጻፈው ስድብ ይበዛል።
አንዱ ቀለሙን ጠላ፤ አንዱ «ሥራ አለ ወይ?» ይላል፤
አንድ ቀልደኛ ደግሞ ከሁሉም በላይ በትልቁ፦
«ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው።»

እኔም ማታ፣ በሩን ዘግቼ፣ ስሜን ሳላኖር ጻፍኩ፦
«አሥራ ሰባት ዓመት ጣቴ ጨለማ ውስጥ የለመደውን መንገድ
ማን ጠይቆህ ታፈርሳለህ?»
የእጅ ጽሑፌን አያውቅም። እኔን የሚያውቀኝ በቁልፍ ድምፅ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ እልፍነሽ ከጉዶ በረት መጣች፤
ጽሑፍ ብዙም አትደፍርም፣ ቁጥር ግን ታነባለች።
ስድስተኛው ሥዕል ዘንድ ቆመች፤ ሁሉ ካለፈው ጥግ ላይ
ጣቷን አሳረፈች፦ «ይሄስ፣ የእኛ ሰዓት አይደለም ወይ?»

ሁለት ሰዓት ይላል፣ ከጠዋቱ። ከሥሩ ጥቅምት፣ የእኛው ጥቅምት።
በቅርጫት ስንነታረክ፣ ያቺን ጥግ ማናችንም አላየናት።

ሰኔ ትዝ አለኝ። የዚችኑ ሴት ቀጠሮ አተምኩላት፤
ስምንት አለ ማሽኑ፤ እኔም ስድስት ሳልቀንስ ሰጠኋት።
ስምንት ሰዓት ነው ብላ፣ ምሳ ቋጥራ፣ ከቀትር በኋላ ደረሰች፤
መዝገቧ ጠዋት በሁለት ተጠርቶ ተዘግቷል። ደጄ ላይ ተቀመጠች።
አልወቀሰችኝም። ከአገልግሏ ቆርሳ አጎረሰችኝ።
ያቺ ጉርሻ ናት እስካሁን ያልወረደችልኝ።

«ይሄኛውን መቼ ትሸጠዋለህ?» አለችው ይትባረክን።
«እማማ፣ ሥዕል ነው። የለም ገና።»
ቆየች። ነጠላዋን መለስ አደረገች። ከዚያ፦
«የሌለው ልክ ከሆነ፣ ያለው ለምን ይሳሳታል?»

እስክሪብቶውን ተቀበለች። ከሰው ሁሉ ጽሑፍ ሥር፣
ከስድቡም ከቀልዱም፣ ከእኔም ስም የለሽ መስመር በታች፣
በርስት ክርክሯ ላይ የምታኖረውን ያችኑ ጠማማ ፊርማ
አኖረች፣ እንደ ምስክር።

ይትባረክ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። አምስቱን ዝናብ አላሸቃቸው።
ስድስተኛው ከመስተዋቱ ውስጥ፣ ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ አለ።
ማሽኔ ዛሬም ስምንት ይላል። ቅርጫቱም ቦታው ነው።
እኔ ግን ያተምኩትን ሁሉ ሳልሰጥ በፊት ገልብጬ
በእስክሪብቶ፣ ጠርዙ ላይ እጽፋለሁ፦
ሁለት ሰዓት። ጠዋት። በእኛ።